ከማጉላቱ በፊት ልኩ

የጥርስ ሐኪም የሚሠራበት ቦታ ጠባብ፣ ጨለማና እርጥብ ነው። ምላስና ጉንጭ ብርሃኑን ይጋርዳሉ፤ የሚቦረቦረውና የሚሞላው ደግሞ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይለካል። ዓይን አጥርቶ ለማየት መቅረብ ስለሚፈልግ ሐኪሙ ሳይታወቀው አንገቱን ይደፋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፤ እንደዚያው ሆኖም አንዱን ታካሚ ሸኝቶ ሌላውን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ በየጥናቱ የጡንቻና የአጥንት ሕመም እንዳለባቸው የተናገሩት የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ድርሻ ከ64 እስከ 93 በመቶ ይደርሳል። ይህን ያህል ሰው የሚያመው ሙያ በአሠራሩ ላይ መታረም ያለበት ነገር አለ። መፍትሔ ተብሎ ዘወትር የሚነሳው በመነጽር ላይ የሚገጠመው ማጉያ፣ ሉፕ የምንለው ነው። ሉፕ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ አንገትን የሚያድነው ግን በልክ የተሠራው ብቻ ነው።

ነገሩን ከአንገት ሸክም እንጀምር። የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር በአንገት አከርካሪ ላይ የሚያርፈው ጫና ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የስሌት ጥናት፣ ራስ 30 ዲግሪ ሲያዘነብል ጫናው 18 ኪሎ፣ 60 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ 27 ኪሎ ገደማ እንደሚሆን አስልቷል። ለሥራ የሚመከረው ዝንባሌ ከ20 ወይም ከ25 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንገቱን ከዚህ በላይ ሳይደፋ ዓይኑን ወደ ታካሚው አፍ የሚያደርስለት ነው።

ሉፕ ይህን የሚችለው ሁለት ልኮች ሲገጥሙለት ነው። አንደኛው የሥራ ርቀት፣ ማለትም ከዓይን እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ሲሆን፣ እንደ ሐኪሙ ቁመትና አቀማመጥ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ሌንሶቹ ወደ ታች ያዘነበሉበት ማዕዘን ነው። ሉፕ አጥርቶ የሚያሳየው በተወሰነ ርቀት ላይ ብቻ ስለሆነ ያደረገውን ሰው በዚያ ርቀት ላይ ያስረዋል። ርቀቱ በትክክል ከተለካ እስራቱ ልጓም ይሆናል፤ ሐኪሙ ሊያጎነብስ ሲል ምስሉ ይደበዝዝበትና ተመልሶ ቀና ይላል። ርቀቱ ካጠረ ወይም የሌንሱ ዝንባሌ ካነሰ ግን ያው መሣሪያ ቀኑን ሙሉ አስጎንብሶ ያውለዋል።

ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በላይኛው የመንጋጋ ጥርስ ውስጥ የሚደበቀውን ተጨማሪ የሥር ቦይ ያለ ማጉያ የሠሩት ሐኪሞች በ18 በመቶ ገደማ ጥርሶች ላይ ሲያገኙት፣ በሉፕ የሠሩት በ55 በመቶ ገደማው ላይ አግኝተውታል። ሳይገኝ የቀረ ቦይ ለታካሚው ተመልሶ የሚመጣ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ስፋት ይጠባል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይቀንሳል፣ ክብደቱም በአፍንጫና በአንገት ላይ ይጨምራል። ለአብዛኛው የዕለት ሥራ 2.5 እጥፍ በቂ መነሻ ነው።

በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ኤርጎኖሚክ ሉፕ በፕሪዝም ብርሃኑን ስለሚያጥፈው፣ ሐኪሙ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ፊት እያየ የታካሚውን አፍ ማየት ይችላል። ለአንገት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ዓይን በአንድ አቅጣጫ፣ እጅ በሌላ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ግን መልመጃ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ሉፕ ዓይንን ያሰንፋል የሚሉ አሉ። የቅርብ እይታ ከ40 ዓመት ወዲያ የሚደክመው የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ስለሚደድር ነው፤ ሉፕ ያደረገም ያላደረገም አይቀርለትም። ጥሩ ወንበር፣ በአግባቡ የተጋደመ ታካሚና መስታወት ይበቃሉ የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። ሦስቱ ሳይስተካከሉ የተገዛ ሉፕ ከንቱ ወጪ ነው። ተስተካክለውም ግን ዓይን ጥቃቅኑን ለማየት መቅረብ መፈለጉን አይተውም።

የዋጋው ነገር እውነት ነው። በአገራችን ሉፕ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ለጀማሪ ሐኪም ይከብዳል። ሰው የተጠቀመበትን መግዛት ወይም ከባልደረባ መዋስ የሚታሰበውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በመነጽሩ መስታወት ውስጥ የተተከለ ሉፕ የሚሠራው በባለቤቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ባለው ርቀትና በሥራ ርቀቱ ልክ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሆንም። አቅም ላነሰው የሚሻለው ወደ ላይ የሚታጠፈውና ማዕዘኑ የሚስተካከለው ዓይነት ነው።

ስለዚህ ሉፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ባልደረቦቼ፣ አስቀድማችሁ በምትሠሩበት ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ታካሚው በተለመደው ቦታ ተጋድሞ ሳለ ከዓይናችሁ እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት ሌላ ሰው ይለካላችሁ። የጥርስ ሕክምና የምታስተምሩም ይህን ልኬት ተማሪው የመጀመሪያ ታካሚውን ከመቀበሉ በፊት አስተምሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የጎበጠ አቀማመጥ ልማድ ከሆነ በኋላ ማቅናቱ ከባድ ነው።