«ጽሑፉን አርም» ሲባል ምን ይደረግ?
በመኪና አካል ላይ ለሚለጠፍ ጽሑፍ ስለሚያስፈልጉ የሙያ ቃላት

በጅግጅጋ ከተማ አንድ ተለማማጅ ከመምህሩ ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሥራ ተሰጠው እንበል። ሥራው ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚመላለስ አንድ ዕቃ ጫኝ ሚኒባስ ጎንና በር ላይ፣ በማሽን ተቆርጦ የመጣ የቪኒል ጽሑፍ መለጠፍ ነው። ጽሑፉ በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል ተዘጋጅቷል፤ ሶማልኛው በላቲን፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል። ባለመኪናው ከቀትር በፊት መንገድ መጀመር ይፈልጋል። ተለማማጁ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም፤ በእጁ ያለው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የአንድ ገጽ መመሪያ ብቻ ነው። ምሳሌው የእኛው ነው፤ በመመሪያው ውስጥ ያስቀመጥናቸው ቃላት ግን ሥራውን በዓይኑ ያላየ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ገልጦ በቅን ልቡና ሊመርጣቸው የሚችል ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ቃላት ነው።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ሕዝቡ ባጠቃላይ ስቲከር የሚለው ነገር ከፖሊቪኒል ክሎራይድ የሚሠራ ስስ ልጥፍ ነው። ስቲከር የሚለውን ቃል ለመንቀል የምንደክምበት ምክንያት አይታየንም፤ ተለጣፊ የሚለው ከጎኑ ሊኖር ይችላል። ልጥፉ በትኩስ ጥቅል ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ የተሠራ ከሆነ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል፤ ተወጥሮ ስለ ተሠራ ውሎ አድሮ መሸማቀቅ ይወዳል። ፈሳሹ በዝርግ ላይ ፈስሶና ደርቆ የተሠራው ግን ወደ 50 ማይክሮን ገደማ ሲሆን በመኪናው አካል ጎድጓዳና ሸንተረር ላይ በደኅና ይተኛል። ለሁለተኛው ዓይነት «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ አጭር ቅጽል ማውጣት ይቻል ነበር፤ ያላወጣንበትን ምክንያት አንባቢ ራሱ ይገምተዋል። ለጊዜው «በማፍሰስ የተሠራ» እንላለን።

አሁን ወደ መመሪያው እንመለስ። የመጀመሪያው መሰናክል «ሽፋን» የሚለው ቃል ነው። ልጥፉ ሲመጣ ሙጫው በሰም መሰል ነገር በተቀባ ወረቀት ላይ ያረፈ ነው፤ እንግሊዝኛው ይህን ወረቀት ላይነር ይለዋል። ከፊቱ ደግሞ የተቆረጡት ፊደላት ቦታቸውን ሳይለቁ እንዲሄዱ የሚያደርግ ሌላ ገላጣ ልጥፍ ይደረብበታል፤ ይህኛው ትራንስፈር ቴፕ ይባላል። ሁለቱም ይነሣሉ፣ ሁለቱም ይጣላሉ፤ የሚነሡበት ጊዜ ግን የተለያየ ነው። ወረቀቱ የሚነሣው ልጥፉ ላሜራው ላይ ከማረፉ በፊት ሲሆን የፊተኛው የሚነሣው ልጥፉ ላሜራውን ከያዘ በኋላ ነው። ሁለቱንም «ሽፋን» ብሎ «ሽፋኑን አንሣ» የሚል መመሪያ ተለማማጁን ወደ ዕድል ጨዋታ ይገፋዋል። የፊተኛውን በቅድሚያ ያነሣ እንደ ሆነ ፊደላቱ የሚይዛቸው ያጣሉ፤ አንድ በአንድ ሲነሡም ይጠማዘዛሉ፣ ሙጫ በሙጫ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚላቀቁበት መንገድ የለም።

ለወረቀቱ «ገበር» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቃሉ የእንግሊዝኛውን ሥር ይከተላል፤ ነገር ግን የልብስ ገበር ከልብሱ ጋር ይኖራል እንጂ ተገፎ አይጣልም። እኛ «ልጣጭ» የሚለውን መርጠናል። የሙዝ ልጣጭ የሚበላውን ክፍል እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ይጠብቃል፣ ከዚያም ይጣላል፤ ወረቀቱም ሙጫውን የሚጠብቀው እንደዚሁ ነው። ለፊተኛው ደግሞ «አሻጋሪ» ብለናል። ክረምት የሞላ ወንዝ አሻጋሪ መንገደኛውን ከዳር እስከ ዳር አድርሶ እንደሚመለስ፣ ይህም ልጥፍ ፊደሉን ከልጣጩ ወደ ላሜራው አድርሶ ይመለሳል። «ልጣጩን ላጥ፤ አሳርፍ፤ ዳምጥ፤ አሻጋሪውን መልስ» የሚል መመሪያ ቅደም ተከተሉን በቃላቱ ውስጥ ይዞታል።

«ዳምጥ» ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስኩዊጂ የሚባለው ዝርግ ጠንካራ ፕላስቲክ በመዝገበ ቃላት መንገድ ቢፈለግ «መፋቂያ» ሊባል ይችላል። ፋቀ የሚለው ግሥ ግን አንድን ነገር ከላዩ ማንሣትን ያመለክታል፤ ፋቅ የተባለ ሰው የመሣሪያውን ስለት አቁሞ ይፍቃል፣ ስሱንም ልጥፍ ይጭረዋል። የልጥፉ ሙጫ ደግሞ የሚይዘው በግፊት ነው። ጥጥ የሚዳምጥ ሰው ብረቱን በፍሬው ላይ እየገፋ እንደሚያንከባልል፣ መንገድ ዳማጩም ጠጠሩን እንደሚያስተኛ፣ እዚህም ሥራው ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ አየሩን ማስወጣት ነው። ስለዚህ መሣሪያው «መዳመጫ» ይባል። አየሩ ሳይወጣ ሲቀር «ልጥፉ አየር ቋጠረ» እንላለን፤ የተቃጠለ ቆዳ ውኃ እንደሚቋጥር።

በዚሁ መመሪያ «ጽሑፉን በውኃ ልክ አስተካክል» የሚልም ይገኛል። ውኃ ልክ ለግንበኛ ታማኝ ነው። መኪና ግን በተዳፋት ላይ ይቆማል፤ ጎማውም እኩል አይነፋም። ጽሑፉ ከምድር ጋር ቀጥ ብሎ ከመኪናው መሥመር ጋር ቢጋደል፣ መኪናው መንገድ ሲጀምር ጠማማነቱ ለሁሉም ይታያል። መመሪያው «ከበሩ መሥመር ለካ» ማለት ነበረበት።

ከሁሉ የከበደው ግን «ጽሑፉን አርም» የሚለው ትእዛዝ ነው። ማሽኑ የፊደላቱን ዳር ብቻ ይቆርጣል፤ በፊደላቱ ዙሪያና ውስጥ ያለው ትርፍ ልጥፍ በእጅ መነሣት አለበት። እንግሊዝኛው ይህን ከእርሻ ተውሶ አረም እንደ መንቀል ቆጥሮታል፤ ተርጓሚውም «ማረም» ብሎ መለሰው። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው። ነገር ግን በአማርኛ ማረም አረም መንቀል ብቻ ሳይሆን የተሳሳተ ጽሑፍ ማቃናትም ነው፤ የሚታረመው ነገር ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ የሁለተኛው ትርጉም ኃይል ይበረታል። ማንበብን በግዕዝ ፊደል የተማረው ተለማማጃችን አሁን በፊቱ ያለው የሶማልኛ ጽሑፍ ነው።

ሶማልኛ በላቲን ፊደል መጻፍ በሶማሊያ በይፋ የተወሰነው በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972) ነው። በአገራችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማልኛ ሲሆን፣ የተጻፈውም እንደ ሌሎቹ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በክልሉ የላቲኑ ፊደል ሥራ ላይ የዋለው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። በግዕዝ አጻጻፍ አጭሩን አናባቢ በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ መለየት ይቻላል፤ «በድ» ባሕር፣ «ባድ» ግጦሽ ነው። በላቲኑ ግን የርዝመቱ ምልክት ያው ፊደል ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። ጽሑፍ እንዲያርም የታዘዘ ሰው ሁለት ኤ ተከታትለው ሲያይ አንዱን የማሽን ስሕተት አድርጎ ቢያነሣው በምን ይፈረድበታል? ግጦሹ ባሕር ሆኖ ይቀራል። «ገል» ግባ ማለት ሲሆን «ጋል» እስላም ያልሆነ ሰው መጠሪያ ነውና፣ በበር ላይ አንዲት ፊደል በስሕተት መደገሟ ምን እንደምታስከትል ለአንባቢ እንተወዋለን። «ሎእ»፣ ማለት የቀንድ ከብት፣ በላቲኑ የሚያበቃው ከላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት ነው፤ ጭረቷ ሙሉ ተነባቢ ብትሆንም ላላወቃት ሰው የቀረች ቁራጭ ትመስላለች። ጭነት ማለት የሆነው «ሐሙል» በኤክስ ይጀምራል፤ ይህ ፊደል በሶማልኛ የሐመሩን ሐ ድምፅ ይይዛል፣ ሲ ደግሞ የዐይኑን ዐ። እኛ በአማርኛ ንባብ ካዋሐድናቸው ከሀና ከአ ሶማልኛ ለይቶ ይጠብቃቸዋል።

የአማርኛውም ወገን የራሱ ጣጣ አለው። የዐ ውስጡ ሳይነሣ ከቀረ ፊደሉ የቀለም ጠብታ ይመስላል፤ የሬ ቀለበት ተቀድዳ ብትነሣ የሚነበበው ሌላ ነው።

ስለዚህ «ማረም» ለእርማት ብቻ ይቆይ፤ ትርፉን ልጥፍ ለማንሣት «መልቀም» እንበል። ምስር የምትለቅም ሴት ጠጠሩን እንጂ ምስሩን አትጥልም። የተለቀመውም ትርፍ «ለቃሚ» ሳይሆን «ልቃሚ» ይባል፤ የመጀመሪያው ሠሪውን ያመለክታልና። መመሪያውም በሁለት መሥመር ይለያል፦ «ጽሑፉን ከትእዛዙ ወረቀት ጋር እያስተያየህ አርም፤ ስሕተት ካገኘህ ሥራውን አቁም» እና «ልቃሚውን ልቀም»። ተለማማጁ የሚያርመው በዓይኑ፣ የሚለቅመው በእጁ ይሆናል።

ያልተፈታ አንድ ነገር ይቀረናል፤ እርሱም የመኪናው ስም ነው። ቫን ለሚባለው ዓይነት የጸና የአማርኛ ቃል የለንም። ሕዝቡ ዶልፊን፣ አባዱላ እያለ ለእያንዳንዱ ቅርጽ ስም ሲያወጣ ኮሚቴ አልጠበቀም፤ ለዝግ ዕቃ ጫኙ ግን ሁሉን የሚያስማማ አልወጣለትም። «ጋሪ» እንዳንል ቃሉ በአማርኛ ፈረስ የሚስበው ሆኖ ቀርቷል፤ በሶማልኛ ግን ከዚያው ከሕንዱ ምንጭ የመጣው ጋሪ ሞተር ያለውን ተሽከርካሪ ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህ ጽሑፍ «ዕቃ ጫኝ ሚኒባስ» ያልነው ተቸግረን ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ሠራተኛው በሁለቱም ቋንቋዎች የሚጠራበትን ስም የሚያውቁ አንባብያን ቢጽፉልን በሚቀጥለው ዝርዝር እናስገባዋለን።