የዓሣ ግልገልና የበጋ ወንዝ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ የሀብሩን ወረዳ ሲያቋርጥ መርሳ ይደርሳል። በበጋ ወንዙ በቦይ እየተጠለፈ ማሳ ያጠጣልና ከጠለፋው በታች ያለው አልጋ ጠጠር ብቻ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ስለ ዓሣ አያስብም፤ አይፈረድበትምም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በጣና ዙሪያ ግን የውኃው ማነስ የዓሣ ዘር ጉዳይ ሆኗል።

ከጣና ዓሦች፣ ባርበስ ከሚባሉትና አብዛኞቹ ከሌላ ስፍራ ከማይገኙት መካከል ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወጥተው በንጹሕ ጠጠር መካከል እንቍላላቸውን ይጥላሉ። ግልገሉም ወዲያው ወደ ባሕሩ አይመለስም፤ በወንዙ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ያድጋል። ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚወርደው ውኃ ለእርሱ እንደ እናት ጡት ነው።

በርብ ላይ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ጥቅሙን የሚንቅ የለም፤ ድርቅን ያየ የወሎ ሰው የመስኖን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን ዓሣ ግድግዳ አይወጣም፤ ከግድቡ በታችም ውኃው በሞተር ተስቦ ሲነጥፍ ግልገሉ በፀሐይ ያልቃል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ የግድብ ባለቤት በታች ያለውን ዓሣ በደኅና የሚያኖር ውኃ እንዲለቅ ሕግ ያዝዘዋል። በእኛም ዘንድ የመልቀቂያውን በር የሚያዝዘው ሹም የመስኖውን ተራ ሲደለድል፣ ከገበሬዎቹ ጋራ የባሕር ዳርንና የፎገራን ዓሣ አስጋሪዎች ቢያስቀምጥ፣ ለወንዙ የሚቀረው ድርሻ በዚያው ጉባኤ ይቈረጣል።