ሐሳብ የነጠፈበት ጊታር ተጫዋች ምን ያድርግ?

ላም የምትነጥፈው መኖ ሲጎድልባት ወይም ልትወልድ ስትቃረብ ነው፤ ባለቤቷም ይህን ስለሚያውቅ በዱላ አይመታትም። የሰው ሐሳብም እንዲሁ የሚነጥፍበት ጊዜ አለው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ቀኑን በቢሮ ወይም በትምህርት ቤት ውሎ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ የሚለማመድ ወጣት ይህን ችግር ሳያውቀው አይቀርም። ዘፋኙ ግጥሙን አጥንቷል፤ ድራም መቺውም ምቱን ይዟል። ለጊታሩ ብቻ የተተወው ቦታ ሲደርስ ግን የተጫዋቹ ጣቶች ትናንት ወደ ሄዱበት ይመለሳሉ። ጥቂት ቀን ከታገለ በኋላም ከሌላ ሰው ሸክላ የሰማውን ይገለብጣል፤ ወይም «ስጦታው የለኝም» ብሎ ጊታሩን ይሰቅላል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ የራሱን ድምፅ ያጣል።

አዲስ ነገር በየዕለቱ መፍጠር ግን ለጎጃም ምድር እንግዳ ሥራ አይደለም። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ተብለው ከሚጠሩት ሦስት ታላላቅ የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ የጎጃም ናቸው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ራቅ ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ሰው ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ አይመሰገንበትም። ታዲያ ይህ ተማሪ እንዴት አይነጥፍበትም?

ምሥጢሩ በልክ መጀመሩ ነው። መጀመሪያ የሚቈጥረው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ነው፤ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ጠባቡ ልክ ሐሳቡን አያስረውም፤ መንገድ ይሰጠዋል እንጂ። ብዙዎቹ ጊታር ተጫዋቾች የሚቸገሩት ከመወድሱ ልጀምር ስለሚሉ ነው።

ስለዚህ ሐሳብ የጠፋበት ተጫዋች አስቀድሞ ሁለት ሐረግ ብቻ ይድረስ፤ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መላሽ ይሁን። ዘፈኑ በትዝታ ቅኝት፣ ማለት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ቢሆን፣ ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱን ብቻ መርጦ ይሞክር። ሁለቱ ሐረጎች ሲሰምሩለት ወደ አራት፣ ከዚያም ወደ ስምንት ያሳድጋቸው። ጆሮው ከሰለቸ ደግሞ ለልምምድ ያህል ያንኑ ሐረግ ወደ ባቲ፣ ማለት ወደ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ፣ ያዙረው፤ አሮጌው ሐረግ አዲስ መልክ ይዞ ሲመጣ ያየዋል።

ሁለተኛው መድኀኒት ጊታሩን አስቀምጦ በአፍ ማዜም ነው። ጣት በልማድ ይሮጣል፤ አፍ ግን ትንፋሽ መውሰድ ግድ ስለሚሆንበት ዝም የሚባልበትንም ቦታ ያስተምራል። የአዝማሪው ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ ቢሆንም የድምፁን ዜማ ተከትሎ ሲመልስ አድማጩን ይይዛል። በጨዋታ ላይ «ተቀበል!» ተብሎ ግጥም ሲሰጠው አዝማሪው ካልተዘጋጀሁ አይልም፤ የተሰጠውን ይቀበላል። ጊታር ተጫዋቹም ዘፋኙ ጨርሶ ዝም ሲል የመጨረሻዋን ሐረግ ተቀብሎ ቢጀምር ከባዶ አይነሣም።

በአምስት ድምፅ መወሰን ድኽነት የሚመስለው ቢኖር፣ አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን ያዳምጥ። ሰላም ሥዩም ጊታር የተጫወተበት ይህ ሥራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ወጣ። መሣሪያዎቹ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም ዜማው ከአገራችን ቅኝት አልራቀም። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው፣ አማርኛ የማያውቀው የውጭ አገር ሰው ሳይቀር ወደደው።

ሦስተኛው መድኀኒት ነገራ ነው። ተማሪው በመምህሩ ፊት እንደሚቀርብ፣ ተጫዋቹም ከጓደኞቹ ጋር የታወቀ ቀን ይወስን፤ ያልተጠናቀቀውንም ቢሆን ያሰማ። በስልኩ እየቀረጸ አሥር ሐረግ ቢያመጣና ጓደኞቹ ዘጠኙን ቢጥሉ አይዘን፤ አሥረኛዋ ጥሩ ከሆነች ለአንድ ዘፈን ትበቃለች።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ የነጠፈችውን ላም ያስብ፤ መኖ ይፈልግ። በመኸር ጊዜ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በደቦ የሚያጭዱትን ገበሬዎች ቢሰማ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ ያገኛቸዋል። ምቱ ከማጭዱ ነው፤ ዜማው አጭር ነው፤ መልሱም አይዘገይም። ከዚያ የሰማውን ይዞ ማታ ወደ ልምምዱ ሲመለስ፣ በሁለት ሐረግ ይጀምር።