የተሳሳተው ምርጫ ሥራው ምንድን ነው?

ደባርቅም ይሁን ዳባት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካለበት ቤት የ«አፕቲትዩድ» (የማመዛዘን ችሎታ) ፈተና መለማመጃ ወረቀት አይጠፋም። እስቲ አንዱን አንሡና ትክክለኛውን መልስ ለጊዜው ተዉት። የጥያቄው ብልሃት ያለው በተሳሳቱት ምርጫዎች ውስጥ ነው።

ማታ እራት ላይ ይህን ለቤተሰቡ አቅርቡ፦ «የሰሜን ተራሮች ፓርክን የጎበኘ ሁሉ ደባርቅ ላይ ትኬት ቆርጧል። ካሳም ደባርቅ ላይ ትኬት ቆርጧል። ታዲያ ካሳ ፓርኩን ጎብኝቷል?»

አብዛኛው ሰው «አዎ» ለማለት ይቸኩላል። ካሳ ግን ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ ዝናብ መልሶት ሊሆን ይችላል። የጎበኘ ሁሉ ትኬት ቆርጧል ተባለ እንጂ፣ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ጎብኝቷል አልተባለም።

ፈተና አውጪው ይህን ስሕተት ቀድሞ ያውቀዋል፤ ስለዚህ «ካሳ ጎብኝቷል» የሚለውን አንዱ ምርጫ ያደርገዋል። ሌላው ምርጫ «ፓርኩ ውስጥ ዋልያ አለ» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ከተሰጠው ቃል ግን አይወጣም። የመጀመሪያው ምርጫ ነገር የሚገለብጠውን ይለያል፣ ሁለተኛው ከተጻፈው ይልቅ ከራሱ ዕውቀት የሚመልሰውን። ምርጫዎቹ የአስተሳሰብ ወንፊት ናቸው።

ለሕግ ተማሪ ይህ ለምን ይጠቅማል? በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 እንይ። ስርቆት ለመባል የሌላ ሰው ተንቀሳቃሽ ዕቃ መወሰዱ ብቻውን አይበቃም፤ ያላግባብ የመበልጸግ ሐሳብም ያስፈልጋል። ለቅሶ ቤት የጎረቤቱን ጋቢ የራሱ መስሎት ለብሶ የሄደ ሰው ሌባ አይደለም። የሰረቀ ሁሉ ወስዷል፤ የወሰደ ሁሉ ግን አልሰረቀም። የካሳ ጥያቄ እዚህም አለ።

አሜሪካ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤት አመልካቾች የሚወስዱት «ኤልሳት» እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ይሰጣል። የሕግ አንቀጽ ሸምድዶ መምጣትን አይጠይቅም፤ አንብቦ መረዳትንና ክርክር መመዘንን ይለካል። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ ያለው አፕቲትዩድ ነው።

ልጃችሁ ሲለማመድ ምርጫዎቹን በእጁ ይሸፍን። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ከተሰጠው ቃል የሚወጣውን በአማርኛ ይንገራችሁ። ከዚያ እጁን ያንሣና ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ «ይህ የትኛውን ስሕተት ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን መመለስ የቻለ ተማሪ ከፈተናው አልፎ ለችሎትም እየተዘጋጀ ነው።