ወላጆቻችሁን ለኤምአርአይ አዲስ አበባ ከማምጣታችሁ በፊት

«ዶክተር፣ እናታችን መርሳት አብዝተዋል፤ ኤምአርአይ እናስነሳቸው?» ወላጆቻቸው ዘመሮና መሐል ሜዳ ያሉ ልጆች አዘውትረው ይጠይቁኛል።

ኤምአርአይ የሚያሳየው የአንጎልን ቅርፅ ነው። ዋናው የምናየው ሂፖካምፐስ፣ አዲስ ነገር የሚያስይዘን ክፍል፣ በጤነኛ አዛውንት በዓመት በአማካይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሟሽሻል፤ በአልዛይመር ግን ከ4 በመቶ በላይ። መሟሸሹ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም፣ ሕመሙ ሲጀምር ምስሉ ደህና ሊመስል ይችላል። «ምንም የለም ተባልን» ብላችሁ ክትትሉን አታቋርጡ።

ሲቲ ስካንን አትናቁት። ከበቅሎ የወደቁ አባት ከሳምንታት በኋላ ነገር ከተምታታባቸው፣ ራስ ቅላቸው ውስጥ ደም ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ሲቲ ይህን ያሳያል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ብዙዎቹም ይሻላቸዋል።

ከሁለቱም በፊት ግን የደም ምርመራ ይቅደም፦ ታይሮይድ (በተለይ እንቅርት ካለ)፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። ድባቴም መርሳት ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ይታከማሉ።

«ሰዓት ሣሉ» የሚለው ፈተና ፊደል ላልቆጠሩ አዛውንት ፍርደ ገምድል ነው። በታንዛኒያና በናይጄሪያ አዛውንት ላይ የተሞከረው አይዲኢኤ የተባለ መመዘኛ በምትኩ የክብሪት እንጨት ያስደረድራል። እናንተም ጻፉልን፦ የማኅበር ተራቸውን ይስታሉ? ገበያ ላይ መልስ ይሳሳታሉ? ማታ በጎቹን ቆጥረው ያስገባሉ? ከመቼ ወዲህ? ያንን ወረቀትና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ኑ።