«ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው?» ሰዎች ወለድ አልባ ባንክን የሚቀበሉትና የሚጠራጠሩት ለምንድን ነው?

 

ባለፈው ሴሚስተር ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተሰብስበን በምንቀመጥበት ጀመዓ መካከል አንድ ጥያቄ ተነሣ። «የባንክ ደብተራችሁ ወለድ የሚታሰብበት ነው ወይስ የማይታሰብበት?» ከአሥራ አንዳችን በእርግጠኝነት መመለስ የቻልነው አራት ብቻ ነበርን። ሌሎቻችን አንደኛ ዓመት ሳለን የሂሳብ ቁጥር አምጡ ተብለን፣ ግቢው አጠገብ ባለው ቅርንጫፍ ተሰልፈን፣ የተሰጠንን ቅጽ ፈርመን ወጥተናል። መድረሳ ተቀምጠን ሪባ ከከባባድ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን የተማርን ልጆች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወለድ በሚታሰብበት ሂሳብ ስንገለገል ቆየን። እዚያው መስኮት ላይ ሌላ አማራጭ እንዳለ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ይህ ነገር አሳፈረን፤ አሳሰበንም። ሐራምና ሐላሉን የምናውቅ፣ ፊደል የቆጠርን እኛ እንዲህ ከሆንን፣ እናትና አባቶቻችንስ? አገልግሎቱ ካለ ሰዎች የማይጠቀሙበት ለምንድን ነው?

አዲስ ነገር እንዴት ይዛመታል?

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ዕቃው በትክክል ከሠራ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል ብለን እናስባለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ አዮዋ በገበሬዎች ላይ የተደረገና በ1943 (እ.ኤ.አ) የታተመ ዝነኛ ጥናት አለ። የተሻለ ምርት የሚሰጥ የበቆሎ ዘር መጥቶ ሳለ፣ አብዛኞቹ ገበሬዎች ስለ ዘሩ ከሰሙ በኋላ ዓመታት ጠብቀዋል። ወሬውን በብዛት የሰሙት ከሻጮች ነው፤ ያመኑት ግን የጎረቤታቸውን ማሳ አይተው ነው።

ኤቨረት ሮጀርስ የተባለው ምሁር እንዲህ ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ1962 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰዎች ስለ አንድ አዲስ ነገር የሚጠይቋቸውን አምስት ነጥቦች ለይቷል። ከነበረኝ ይሻለኛል ወይ? ከእምነቴና ከልማዴ ጋር ይስማማል ወይ? ይገባኛል ወይ? በትንሹ ልሞክረው እችላለሁ ወይ? ሌላው ሰው ያገኘውን ውጤት በዓይኔ አያለሁ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን የአገራችንን ወለድ አልባ ባንክ እንመልከት።

አጭር ታሪክ

በአገራችን በ2000 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ለወለድ አልባ አገልግሎት በሩን ገርበብ አደረገ። በ2004 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ መመሪያ አወጣ። መመሪያው የፈቀደው ግን መደበኛ ባንኮች በውስጣቸው በተለየ መስኮት እንዲሰጡት ብቻ ነበር። ያኔ ራሱን የቻለ ባንክ ለማቋቋም ተነሥተው የነበሩ ሰዎች ጥረታቸው ቆመ። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ የንግድ ባንክንና የኦሮሚያ ባንክን ጨምሮ ባንኮች በመስኮት መሥራት ጀመሩ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች የተፈቀዱት በ2011 ዓ.ም ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ከዚያም ሂጅራ፣ ሸበሌና ረሚስ ባንኮች መጡ።

አምስቱ ጥያቄዎች በእኛ ቤት

ከእምነት ጋር መስማማቱ የአገልግሎቱ ትልቁ ጉልበት ነው። ከዚህ በፊት ብዙ ሙስሊም ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጥ እንኳ ወለዱን አልወስድም ብሎ ይተው ነበር። በዚህም ተጠቃሚው ባንኩ ነበር፤ ዋጋ ያልከፈለበትን ገንዘብ እያበደረ ያተርፍበታል። ሌላው ደግሞ ገንዘቡን ጭራሽ ወደ ባንክ አያመጣም።

እዚህ ላይ «ከምን ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለብዙ ነጋዴ ወላጆቻችን የወለድ አልባ ባንክ ተፎካካሪው መደበኛው ባንክ አይደለም፤ እቁብና የቤት ሳጥን ናቸው። እቁብ ወለድ የለበትም፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን ሰው ያውቃቸዋል፤ ዕጣው ፊት ለፊት ይወጣል። እንዲህ ያለ ግልጽነት ለለመደ ሰው ባንክ የተዘጋ ቤት ነው። ሳጥኑም ቢሆን እሳትና ሌባ፣ ከሁሉም በላይ የዋጋ ንረት ቢያሰጋውም፣ ቁልፉ በእጁ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን ሦስተኛው፣ «ይገባኛል ወይ?» የሚለው ነው። ከመካከላችን የአንዷ አክስት በገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሙዷረባ የሚባል ነገር አለ ሲባሉ ሰምተው፣ የቋጠሩትን ይዘው ወደ አንድ ባንክ ሄዱ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ሠራተኛውን ሲጠይቁት፣ «እማማ፣ ያው እንደ ወለድ ነው፤ ስሙ ነው የተለየው» አላቸው። አክስታችን «አላህ ይስጥልኝ» ብለው ገንዘባቸውን ይዘው ተመለሱ። ምናልባት ልጁ ክፋት የለበትም፤ ያላስተማሩትን ከየት ያመጣል? ነገር ግን በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር አንድ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን፣ እሳቸውን የሚሰሙ የገበያ ጓደኞቻቸው ሁሉ ሄዱ። የአዮዋ ገበሬ ጎረቤቱን አይቶ እንደሚያምን፣ ጎረቤቱን አይቶም ይሸሻል።

እውን ስሙ ብቻ ነው?

እስኪ ለአክስታችን መመለስ የነበረበትን እንመልስ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ገንዘባችሁ ይጠበቃል፣ ስትፈልጉ ትወስዳላችሁ፣ ትርፍ ግን ቃል አይገባላችሁም። ሙዷረባ የትርፍ ሽርክና ነው። እናንተ ገንዘቡን ታቀርባላችሁ፣ ባንኩ ይሠራበታል፤ ትርፉን አስቀድሞ በተስማማችሁበት ድርሻ፣ ለምሳሌ 60 ለ40፣ ትካፈላላችሁ። የሚታወቀው ድርሻው እንጂ የትርፉ መጠን አይደለም። ባንኩ ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ ደግሞ ኪሳራው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ የሠራው ወገን ልፋቱ ይቀርበታል። ወለድ ግን ቢተረፍም ቢከሰርም አስቀድሞ የተቆረጠ ነው።

ብዙ ክርክር የሚነሣው በሙራበሃ ላይ ነው። አንድ ሰው 60,000 ብር የሚያወጣ የልብስ ስፌት መኪና ፈለገ እንበል። በወለድ ብድር ባንኩ ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ ገንዘብ በገንዘብ ላይ ይወልዳል፤ ቢዘገይም ወለዱ ይቀጥላል። በሙራበሃ ግን ባንኩ መኪናውን ራሱ በ60,000 ብር ይገዛል፤ የራሱ ካደረገው በኋላ የገዛበትን ዋጋ ተናግሮ በ69,000 ብር ይሸጥለታል፤ ሰውየው በየወሩ 5,750 ብር እየከፈለ በዓመት ይጨርሳል።

«መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ያው ተቀራራቢ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ቁጥሩ ሊቀራረብ ይችላል። ልዩነቱ ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። ለደንበኛው ከመሸጡ በፊት መኪናው ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። ከተሸጠ በኋላ ደግሞ ዋጋው 69,000 ብር ሆኖ ይቀራል፤ ቢዘገይ የባንኩ ትርፍ አይጨምርም። አል-በቀራ 275ኛው አንቀጽ ላይ «ንግድም እንደ ሪባ ነው» ላሉት ሰዎች የተሰጠውን መልስ ያስታውሷል፤ አላህ (ሱ.ወ) ንግድን ፈቅዶ ሪባን ከለከለ። ነጋዴ የሚያተርፈው ዕቃ ይዞ፣ ኃላፊነት ተሸክሞ ነው።

ይሁን እንጂ ተጠራጣሪዎቹም መብት አላቸው። ባንኩ ዕቃውን ሳይገዛ፣ ኃላፊነቱንም ሳይሸከም ወረቀት ብቻ ካፈራረመ፣ ያኔ በእርግጥም ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ስለዚህ ጥርጣሬ የእምነት ጉድለት ወይም ኋላ ቀርነት አይደለም፤ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ቀሪዎቹ ሁለቱ ነጥቦች፣ መሞከርና መታየት፣ በእጃችን ናቸው። በግብፅ ሚት ገምር በምትባል ከተማ በ1963 (እ.ኤ.አ) ዶክተር አሕመድ አን-ነጃር የመሠረቱት ወለድ አልባ የቁጠባ ባንክ በገበሬው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው፣ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣውም ክፍት ስለነበር ነው። እኛም በትንሿ የተማሪ ገንዘባችን መጀመር እንችላለን። ወደ ባንክ ስንሄድ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ሂሳብ ወዲዓ ነው ወይስ ሙዷረባ? ገንዘቤ ከመደበኛው ገንዘብ ተለይቶ ነው የሚያዘው? ውሉን የሚመረምሩት የሸሪዓ አማካሪዎች እነማን ናቸው? ሠራተኛው ካላወቀ የሚያውቀውን ይጥራልን። ጠያቂ ሲበዛ መላሹም ይማራል።

ከዚያ ለዒድ ወደ ቤት ስንገባ፣ የገባንን ያህል በእናትና አባቶቻችን ቋንቋ እናስረዳ። ያልገባንን ደግሞ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ እንጂ ከራሳችን አንጨምር። እኛ ደብተራችንን ከቀየርን ሦስት ወር ሆነን። አክስታችንን ግን ገና አላሳመንናቸውም። «እናንተ አንድ ዓመት ተጠቀሙበትና እናያለን» ብለውናል። ሮጀርስን ሳያነቡ ትክክለኛውን ነገር ተናገሩ።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።