የመኪና ምርመራ ግዴታ መሆን ይገባዋልን?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ የስምጥ ሸለቆውን ወለል ከያዘ በኋላ ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ፊቱም እንደ ገመድ የተዘረጋ ቀጥ ያለ ጎዳና ይሆንለታል። ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው የባቱ ከተማ በዚህ ጎዳና ላይ በሐይቁ ዳር ተቀምጣለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,640 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ፀሐይዋ ከደጋው ትበረታለች፤ አስፋልቱም በበጋ ቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። አገሩ ሜዳ በመሆኑ ሹፌሩን የሚያዘገየው ዳገትም ጠመዝማዛም የለምና እግሩ ሳያስበው ነዳጁን ይጫናል። ሐሩርና ፍጥነት በተገናኙበት ስፍራ ደግሞ ያረጀ ጎማ ብዙ አይታገሥም፤ ይፈነዳል።

የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ያመጣብን በዚያች ከተማ ያየነው ነገር ነው። የተሳፈርንበት መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ግማሽ ቀን ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ባለመኪና አባዱላ የሚባለውን ሚኒባሱን አምጥቶ አራቱንም ጎማ ያስፈታ ጀመር። የተፈቱት ጎማዎች ጥርሳቸው ከማለቁ የተነሣ እንደ ተላጨ ራስ ለስልሰው ነበር፤ በምትካቸው የገቡት ግን ደኅና ነበሩ። እኛም «እንኳን ደስ ያለህ፤ አዲስ ጎማ ገዛህን?» ብንለው፣ «አይ ጋሼ! የአማቼ ናቸው እንጂ። ነገ መኪናው ይመረመራል፤ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ መልሼ እሰጠዋለሁ» አለን። ይህንንም ሲናገር ለሠርግ ኩታ እንደ ተዋሰ ሰው ነበረ እንጂ ጥፋት እንደሚሠራ ሰው ፊቱ ምንም አላፈረም። ሰውየውም ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያው መኪና ነው፤ ጎሕ ሲቀድም የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ሴቶችን ከነሣጥናቸው ወደ መቂ የሚያደርስ፣ ሒሳብ ያጠራትንም ሴት ከመንገድ የማይጥል መሆኑን የጋራዡ ሰዎች ሁሉ መስክረውለታል።

ባለመኪና ሁሉ መኪናውን በየጊዜው ለማስመርመር ይገደድን፣ ወይስ ለገዛ ፈቃዱ ይተው? የሚል ክርክር በብዙ አገር ይነሣል። በእኛ አገር ግን የግዴታው ነገር በሕግ ከተቆረጠ ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681 መኪና በየዓመቱ እየተመረመረ ለመንገድ ብቁ መሆኑ እንዲረጋገጥ ደንግጓል። የዚህም ምልክት በፊት መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ማኅተም ማለት ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ባሌስትራ የምንላቸውም ከዚያው ወገን ናቸው። ማኅተም ደግሞ ምስክርነት ነው። በዚያ አባዱላ መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ማኅተም ግን የሚመሰክረው ለአማቹ ጎማ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ከሌሎቹ ይለያል። ሕጉ መኖሩን ሳይሆን፣ የሕጉ ምስክር እውነተኛ መሆኑን ነው መመርመር ያለብን።

የግዴታው መሠረት አዲስ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ፍርድ አለ። በሬ ሳይታሰብ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል እንጂ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ ሳይጠብቀው ቢቀር ዕዳው በባለቤቱ ላይ ይሆናል። በሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለው ልዩነት ማወቅና አለማወቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ካደረገ በኋላ፣ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ በ2081 ባለመኪናውን ይይዘዋል፤ ያውም ጥፋት ተፈልጎ ሳይገኝበት፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ። የሕጉ አዘጋጆች በሬንና መኪናን በአንድ ምዕራፍ ማስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ከባለቤታቸው እጅ ሲያመልጡ ይገድላሉ።

እንግዲህ ምርመራ ማለት ለባለ በሬው የሚነገረው ቃል ነው። መርማሪው የፍሬኑን ሸራና ታምቡሩን፣ የመሪውን መላላት፣ የመብራቱን አቅጣጫ አይቶ «ይህ በሬህ ይዋጋል» ካለው በኋላ ባለቤቱ አላውቅም ነበር ለማለት አይችልም። ጎማ የተበደረው ሰውዬ ግን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በሬውን ለምስክር ባቀረበበት ቀን ቀንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ አቀረበው፤ በማግስቱም ጨርቁን ፈታው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣላቸውን አውቶሞቢል ሲመለከቱ እንዲህ ያለ ክርክር አያስፈልግም ነበር። በከተማው አውቶሞቢል ብርቅ ነበረችና ወሬዋ ከእርሷ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰውም ለማየት ይወጣል እንጂ ሳያያት አትደርስበትም። ዛሬ በባቱ አደባባይ ላይ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ቅጥቅጡ፣ አይሱዙው፣ ከአበባ እርሻው አበባ ጭኖ ወደ ቦሌ የሚገሠግሠው ባለማቀዝቀዣ ካሚዮን ባንድነት ይጋፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው መካከል 26.7 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ከሟቾቹም ብዙዎቹ የራሳቸው መኪና የሌላቸው እግረኞችና ተሳፋሪዎች ናቸው። ይህ ነገር በክርክሩ ውስጥ ሊረሳ አይገባም። ባለመኪናው «ሀብቴ ነው፣ እንደ ወደድሁ አደርገዋለሁ» ቢል፣ በእርሱ ሀብት የሚሞተው ሌላ ነው።

ግዴታውን የሚቃወሙ ሰዎች ከንቱ ሰዎች አይደሉም፤ ነገራቸውም መሰማት አለበት። በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት በ2010 እ.ኤ.አ. የግል መኪኖችን የፍሬንና የመሪ ምርመራ አስቀርታለች፤ ቴክሳስም ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ለንግድ ከማይሠሩ መኪኖች ላይ የደኅንነቱን ምርመራ አንሥታለች። የኖርዌይ ሊቃውንትም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የጊዜ ምርመራ የመኪናውን ጉድለት እንዳቃለለ፣ አደጋውን ግን ሲቀንሰው እንዳላገኙ ጽፈዋል። በሌላ ወገን ጀርመንና ጃፓን ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እንግሊዝም ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታውን ይዘው እስካሁን አልለቀቁትም። እኛ ከሁለቱ ወገን የትኛውን እንምሰል?

በእኛ ግምት የቴክሳስ ምሳሌ ለባቱ አይሆንም። ቴክሳስ እንኳ ግዴታውን ያነሣችው ከግል መኪና ላይ እንጂ ለንግድ ከሚሠራው ላይ አይደለም፤ በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ብዙው ሰው የሚጓዘው ለንግድ በሚሠራ መኪና ነው። የኖርዌይ ሰው መኪናው ሲያረጅበት ሌላ ይገዛል፤ የእኛ ሰው ግን ሠላሳ ዓመት የሞላውን ኮሮላ ለልጁ ያወርሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ መጣሉ አሮጌው ከውጭ እንዳይገባ ረድቷል። ነገር ግን በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ይበልጥ ውድ ስላደረገው፣ ባለቤቱ ይበልጥ እንዲጠጋግነው እንጂ እንዲጥለው አላደረገውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አንዳንድ ሰውም ጭስ የማያወጣ መኪና ምን ምርመራ ያስፈልገዋል ይላል። መኪናው በባትሪው ምክንያት ከሌላው ይከብዳልና ጎማውን ፈጥኖ ይበላዋል፤ ጭስ አለማውጣቱም ጎማውን አያድነውም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። «የአደጋው ምክንያት ሹፌሩ እንጂ መኪናው አይደለም» የሚለውን ተወት እናድርገው፤ የደከመ ፍሬን ያለውና የቸኮለ ሹፌር በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ጥፋቱን ለሁለት መክፈል ያስቸግራል። የሚከብደው «ምርመራው ወረቀት ነው» የሚለው ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ፣ በሰልፍ ውሎ የሚያገኘው ማኅተም እውነት የማይናገር ከሆነ፣ ምርመራው ግብር እንጂ ጥበቃ አይደለም። ከግብርም ይከፋል፤ ተሳፋሪው ቦሎውን አይቶ ያለ ሥጋት ይገባልና። ሐሰተኛ ምስክር ከምስክር ዕጦት የበለጠ ይጎዳል።

ስለዚህ ግዴታው በባለመኪናው ላይ ብቻ ተጭኖ መቅረት የለበትም እንላለን። መርማሪው የመረመረውን በስሙና በፊርማው ይጽፋል፤ እንግዲያው ፈርሞ ባሳለፈው መኪና ፍሬን ምክንያት በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው ቢሞት፣ ፊርማው ከፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መኪናው በቦታው ሳይገኝ የተሰጠ ማኅተም ካለም፣ በሐሰት ሰነድ ወንጀል እንጂ በሥራ ጉድለት ሊታይ አይገባውም። የወደቀውን መኪና በተመለከተም፣ ጉድለቱ በዝርዝር ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጠውና ለመጠገኛ የሚሆን ቀን ይቆረጥለት። ዛሬ የሚወድቅ ሰው የሚያየው የእንጀራውን መዘጋት ብቻ ስለ ሆነ፣ ወይ ይበደራል ወይ እጅ መንሻ ይፈልጋል።

ደግሞም ዓመት ረጅም ነው። በመስከረም ደኅና የነበረ ጎማ በዚህ ሐሩር ሚያዝያን ላይዘልቅ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ከሞጆ እስከ ባቱ በተሠራው የፍጥነት መንገድ ላይ የሚገባ መኪና ሁሉ ከመግቢያው በር ይቆማል። በዚያ በር ላይ ጎማ የሚያውቅ አንድ ሰው መለኪያውን ይዞ ቢቆም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በብዙ አገር ሕግ የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማው አይነዳም፤ ይህንንም ለመለካት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሰልፍ ይረዝማል የሚል ቢኖር፣ ሁሉን ሳይሆን ከብዙ አንዱን ማስቆም ይቻላል። መቼ እንደሚቆም የማያውቅ ሰው ጎማ ተበድሮ አይኖርም፤ አማቹም ዓመቱን ሙሉ አያበድረውም።

ለካህናት አባቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል፣ በሌላም ጊዜ ወደ ዝዋይ ደሴቶች ወደ ደብረ ጽዮን የሚሄደውን ምእመን አውቶቡስ ተከራይታችሁ የምትወስዱት እናንተ ናችሁ። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ታንኳው ውሃ ያስገባ እንደ ሆነ ቀዛፊውን ሳትጠይቁ አትሳፈሩም። አውቶቡሱን ስትከራዩም ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ፤ የምርመራውን ወረቀት አምጣ በሉ፤ ካላማራችሁም ሌላ ተከራዩ። ባለመኪና መርማሪውን የሚፈራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ተከራዩን ግን ሁልጊዜ ይፈራዋል።

የድሃው ባለመኪና ነገርም ቀላል አይደለም። ያ የባቱ ሰው አራት ጎማ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም ቢኖረው ኖሮ አማቹን ባልለመነ ነበር። የባለመኪና ማኅበራት ከአባሎቻቸው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየሰበሰቡ፣ ጎማና የፍሬን ሸራ በብዛት ገዝተው በዱቤ ቢያከፋፍሉ፣ ዕቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። በዚህ በኩል ያለው ሥራ የከተማው ሹማምንት ከማኅበራቱ ጋራ ተቀምጠው የሚጨርሱት ነው፤ ከላይ አዋጅ የሚጠብቅ አይደለም።

የእኛ ባሌስትራ ሲመሽ ተጠገነና ወደ ሻሸመኔ አለፍን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስንመለስ ከባቱና ከመቂ መካከል ያንኑ አባዱላ አገኘነው። ሰውየውም አውቆን እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጠን። ከጣራው ላይ የቲማቲም ሣጥን ተደራርቦ ነበር፤ በውስጡም ሴቶቹ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ በመስተዋቱ ላይ አዲሱ ቦሎ ተለጥፎ ነበር። ጎማዎቹ ግን እነዚያው ለስላሶቹ ነበሩ።